ባዶ የመሰለው ሰማይ

በታኅሣሥ ወር፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አለፍ ሲል፣ ከከተማ መብራት ራቅ ብላችሁ ፊታችሁን ወደ ሰሜን አዙሩና ቀና በሉ። ፐርሲየስ የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ከፍ ብሎ ይታያችኋል። በግሪኮች ተረት ፐርሲየስ የኢትዮጵያው ንጉሥ የሴፊየስና የንግሥት ካሲዮፒያ ልጅ የሆነችውን አንድሮሜዳን ከባሕር አውሬ አፍ ያዳነ ጀግና ነው። የጥንት ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ማለታቸው ነበር። የአራቱም ባለታሪኮች ስም ዛሬም ሰማይ ላይ ጎን ለጎን ሰፍሯል።

በዚሁ ስብስብ ውስጥ አልጎል የምትባል፣ በየሦስት ቀኑ ገደማ ደብዘዝ የምትል ኮከብ አለች። ከእርሷ የአራት ሙሉ ጨረቃ ስፋት ያህል ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ሲሉ ዓይን ምንም የማያይበት ጥቁር ቦታ ይገኛል። በዚያ አቅጣጫ፣ 240 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቀው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ጋላክሲዎች በስበት ኃይል ተሳስረው ይኖራሉ። የፐርሲየስ የጋላክሲዎች ክምችት ይባላሉ። በመካከላቸው ያለው ሰፊ ቦታም ባዶ አይደለም። ከ30 እስከ 70 ሚሊዮን ዲግሪ በጋለ ጋዝ የተሞላ ነው፤ የጋዙ ክብደት የጋላክሲዎቹ ከዋክብት ሁሉ ተደምረው ከሚመዝኑት በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ያን ያህል ጋዝ ለዘመናት ሳይታይ ኖሯል። የተገኘው በአንድ ሊቅ ብልኃት ሳይሆን በትውልዶች ቅብብሎሽ ነው። የዚያ ቅብብሎሽ ታሪክ እነሆ። ዓመታቱና ቀናቱ፣ በሌላ አቆጣጠር ካልተገለጹ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሰማይ ሹክሹክታ

ታሪኩ የሚጀምረው በስልክ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካንና አውሮፓን የሚያገናኘው ስልክ ውቅያኖሱን የሚሻገረው በራዲዮ ሞገድ ነበር፤ መስመሩን ግን ጫጫታ ያውከዋል። ቤል የስልክ ላቦራቶሪዎች የጫጫታውን ምንጭ እንዲያጣራ ካርል ጃንስኪ የተባለውን ወጣት መሐንዲስ መደቡ። ጃንስኪ በኒው ጀርሲ ገላጣ መስክ ላይ፣ በፎርድ መኪና ጎማዎች የሚሽከረከር ትልቅ አንቴና ሠራ። የቅርብ ነጎድጓድ የሚፈጥረውን ጫጫታ ለየ፤ የሩቁንም ለየ። ሦስተኛው ግን ምንጩ የማይታወቅ፣ የማያቋርጥ ሹክሹክታ ነበር። ወራት ሙሉ ሲከታተለው ሹክሹክታው በየቀኑ አራት ደቂቃ እየቀደመ እንደሚመጣ አስተዋለ። ከዋክብትም የሚወጡት በየቀኑ አራት ደቂቃ እየቀደሙ ነው። በ1933 ጃንስኪ ሹክሹክታው የሚመጣው ከምድርም ከፀሐይም ሳይሆን ከእኛው ጋላክሲ ከፍኖተ ሐሊብ መሆኑን አስታወቀ። ራዲዮ የሰማይ መመልከቻ ሆነ።

በዚያው ዓመት ፍሪትዝ ዝዊኪ የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ተመራማሪ ኮማ በሚባለው ሌላ ክምችት ውስጥ ያሉትን ጋላክሲዎች ፍጥነት አጤነ። በጣም ይሮጣሉ። የሚታየው ብርሃን የሚያመለክተው ክብደት ብቻ ቢሆን ኖሮ ክምችቱ ድሮ በተበተነ ነበር። አንድ የማይታይ ነገር አንቆ ይዟቸዋል ማለት ነው። ዝዊኪ የጠቆመው ጨለማ ቁስ እስከ ዛሬ ምንነቱ አልተፈታም። ከማይታየው ውስጥ ከፊሉ ግን ጋዝ ነበር፤ ያ የታወቀው ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በራዳር ሥራ የሠለጠኑ እንግሊዛውያንና አውስትራሊያውያን አንቴናቸውን ወደ ሰማይ አዞሩ። ራዲዮ የሚረጩ ነጥቦችን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመሩ። ነጥቦቹ የት እንዳሉ በትክክል ማወቅ ግን አስቸገረ። በ1951 ካምብሪጅ የነበረው ግራሃም ስሚዝ የጥቂቶቹን ደማቅ ነጥቦች ቦታ በጥራት ለካ። ዋልተር ባዴና ሩዶልፍ ሚንኮውስኪ በካሊፎርኒያ፣ ፓሎማር ተራራ ላይ ባለው የ5 ሜትር ቴሌስኮፕ ቦታውን አነጣጥረው ተመለከቱ። በ1954 ባወጡት ሥራ ሲግነስ ኤ የተባለው ደማቅ ምንጭ እጅግ ሩቅ የሆነ ጋላክሲ መሆኑ ታወቀ። ፐርሲየስ ኤ የተባለው ደግሞ በፐርሲየስ ክምችት መሐል የተቀመጠው ትልቁ ጋላክሲ፣ ኤንጂሲ 1275 ሆኖ ተገኘ። ይህን ጋላክሲ ካርል ሴይፈርት በ1943 የማዕከላቸው ብርሃን እንግዳ ነው ካላቸው ጥቂት ጋላክሲዎች ጋር መዝግቦት ነበር።

በዚህ መሐል፣ በ1953፣ እንግሊዝ ውስጥ በጆድሬል ባንክ ይሠሩ የነበሩት ሮጀር ጄኒሰንና ሕንዳዊው ዳስ ጉፕታ የሲግነስ ኤ ራዲዮ በአብዛኛው የሚመነጨው ከጋላክሲው ራሱ ሳይሆን፣ ከግራና ቀኙ ከተነፉ ሁለት ግዙፍ ደመናዎች መሆኑን አሳዩ። ይህ አዲስ ጥያቄ ወለደ። የተነፋ ነገር ዙሪያውን የሚገፋው ነገር ከሌለ ይበተናል። እነዚህን ደመናዎች ዙሪያቸውን ይዞ ያቆያቸው ምንድን ነው?

ከአየር በላይ ስድስት ደቂቃ

መልሱ ያለው በራጅ ውስጥ ነበር። ቪልሄልም ሬንትገን በ1895 ያገኘው፣ እኛ ሐኪም ቤት የተሰበረ አጥንት ለማየት የምንነሣው ያው ራጅ ነው። ራጅ ሥጋን ዘልቆ ያልፋል፤ ነገር ግን ከባቢ አየራችን ክብደቱ አሥር ሜትር ጥልቀት ካለው ውኃ ጋር ስለሚተካከል ከሰማይ የሚመጣው ራጅ መሬት አይደርስም። የራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ቢወጡም ለውጥ የለውም። የሰማይን ራጅ ማየት የፈለገ ከአየር በላይ መውጣት አለበት።

ሰኔ 18 ቀን 1962 ሌሊት አንድ ኤሮቢ ሮኬት ከኒው ሜክሲኮው የኋይት ሳንድስ መተኮሻ ተነሣ። ሐሳቡን የጠነሰሰው ጣሊያናዊው ብሩኖ ሮሲ ሲሆን ቡድኑን የመራው የአገሩ ልጅ ሪካርዶ ጃኮኒ ነበር። ዓላማቸው የፀሐይ ጨረር ጨረቃን ሲመታ ከጨረቃ የሚመለስ ራጅ መፈለግ ነው። ሮኬቱ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የቆየው ለ350 ሴኮንድ፣ ስድስት ደቂቃ ላልሞላ ጊዜ ብቻ ነበር። የጨረቃን ራጅ አላገኘም። በጊንጥ የከዋክብት ስብስብ አቅጣጫ ግን ማንም ያልጠበቀው ብርቱ የራጅ ምንጭ ተመዘገበ። ከፀሐይ ቤተሰብ ውጭ የተገኘ የመጀመሪያው የራጅ ምንጭ ይህ ነው። ጃኮኒ ለዚህና ተከትሎት ለመጣው ሥራ በ2002 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ሮኬቶቹ ቀጠሉ። በ1966 የአሜሪካ የባሕር ኃይል ምርምር ላቦራቶሪ ሰዎች፣ ኸርበርት ፍሪድማን ያለበት ቡድን፣ በቪርጎ ክምችት መሐል ያለው ኤም 87 የተባለ ጋላክሲ ራጅ እንደሚረጭ አሳወቁ። ኤም 87 ደግሞ ከደማቆቹ የራዲዮ ጋላክሲዎች አንዱ ነው። በ1970 መጋቢት የተላከ ሌላ ሮኬት ከፐርሲየስ ክምችት ራጅ አገኘ። ራዲዮና ራጅ በአንድ ቤት መገኘታቸው ታወቀ። ነገር ግን ሮኬት ለደቂቃዎች አይቶ ይወድቃል። የራጁ ምንጭ አንድ ነጥብ ይሁን ወይስ ክምችቱን ሁሉ የሞላ ነገር፣ በዚያች አጭር ዕይታ መለየት አልተቻለም።

ከማሊንዲ ባሕር ዳርቻ

ጥያቄውን ለመፍታት ዓመታት ምሕዋር ላይ የምትቆይ ሳተላይት አስፈለገች። የተላከችውም ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው። ማሊንዲ አጠገብ፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ ጣሊያኖች ሳን ማርኮ የሚሉት የብረት መድረክ ነበራቸው። የፕሮጀክቱ አባት የሮም ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሉዊጂ ብሮሊዮ ነበሩ። ቦታው የተመረጠው ከምድር ወገብ ጥግ በመሆኑ ነው። እዚያ የምድር መሽከርከር ሮኬቱን ያግዘዋል፤ በወገቧ ዙሪያ የምትዞር ሳተላይትም መሣሪያዋን ከሚያውከው የጨረር ቀበቶ በአብዛኛው ትድናለች።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1970፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ስካውት የተባለ ሮኬት ክብደቷ 140 ኪሎ ያህል የሆነች ሳተላይት ተሸክሞ ከመድረኩ ተነሣ። ዕለቱ ኬንያ ነፃ የወጣችበት ሰባተኛ ዓመት ነበር። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት የፕሮጀክቱ ኃላፊ ማርጆሪ ታውንሴንድ ለሳተላይቷ በስዋሂሊ ስም አወጡላት፤ ኡሁሩ፣ ነፃነት። ለኬንያ ሕዝብ መስተንግዶ የምስጋና ስጦታ ነው። የሰማይን ራጅ ለመመልከት ብቻ የተሠራች የመጀመሪያዋ ሳተላይት የአፍሪካ ስም ይዛ ከአፍሪካ ዳርቻ ወጣች።

ኡሁሩ በየ12 ደቂቃው በራሷ ዙሪያ እየዞረች ሰማይን ቀስ ብላ ጠረገች። ሮኬት በደቂቃዎች የሚያየውን እርሷ ከሁለት ዓመት በላይ እየተመላለሰች አየችው፤ ሥራዋ ሲጠቃለል 339 የራጅ ምንጮች ተመዘገቡ። ኸርበርት ጉርስኪና ባልደረቦቹ የቪርጎን፣ የኮማንና የፐርሲየስን መረጃ ሲመረምሩ ራጁ ከአንድ ነጥብ እንደማይወጣ ተረዱ። የሚወጣው በሚሊዮን የብርሃን ዓመት ከሚለካ ስፋት ነው። በጋላክሲዎቹ መካከል ያለው ጨለማ ራሱ ያበራ ነበር።

የብረት ምስክርነት

የሚያበራው ምንድን ነው? ሁለት መላምቶች ተፋጠጡ። አንደኛው፣ ከራዲዮ ጋላክሲዎች የወጡ ፈጣን ኤሌክትሮኖች ሕዋውን ከሞላው ደካማ ጨረር ጋር እየተላተሙ ጨረሩን ወደ ራጅ ያሳድጉታል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በክምችቱ ውስጥ እጅግ የጋለ ጋዝ አለ የሚል ነው። ጋዝ በዚያ ሙቀት ኤሌክትሮኖቹን ይጥላል፤ ልቅ የሆነው ኤሌክትሮን በአቶም አስኳል አጠገብ ሲያልፍ መንገዱ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍም ራጅ ይረጫል።

ዳኝነቱ የመጣው ከዚያው ከኬንያ መድረክ ጥቅምት 15 ቀን 1974 ከመጠቀችው፣ ኤሪየል 5 ከተባለችው የእንግሊዞች ሳተላይት ነው። በ1976 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች የፐርሲየስን ራጅ በየጉልበቱ ሲዘረዝሩት 7 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ አንድ ጉብታ አዩ። ያ ጉብታ የብረት ፊርማ ነው፤ ያውም ከ26 ኤሌክትሮኖቹ ሃያ አራቱን ሙቀት የገፈፈው ብረት። ብረት እንዲህ የሚራቆተው በአሥር ሚሊዮኖች ዲግሪ በጋለ ጋዝ ውስጥ ብቻ ነው። በቀጣዩ ዓመት ኦኤስኦ 8 የተባለችው የአሜሪካ ሳተላይት በፐርሲየስ፣ በኮማና በቪርጎ ያንኑ ብረት አረጋገጠች። የጋለው ጋዝ መላምት አሸነፈ።

የብረቱ መገኘት ሌላም ነገር መሰከረ። ብረት የሚሠራው በከዋክብት ውስጥና ከዋክብት ሲፈነዱ ነው። የብረቱ መጠን በፀሐይ ውስጥ ካለው ድርሻ ሲሶ ያህል ሆኖ መገኘቱ፣ ጋዙ ከጥንት የቀረ ንጹሕ ሃይድሮጂንና ሂሊየም ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። በጋላክሲዎቹ ውስጥ የነደዱ፣ የሞቱ ከዋክብት አመድ ተቀላቅሎበታል።

ጋዙ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ለመገመት የአንድ ሊትር ጠርሙስ በቂ ነው። ጠርሙሱን በክምችቱ እምብርት ከፍተን ብንሞላው በውስጡ የሚገባው 50 ያህል ቅንጣት ነው፤ ራቅ ወዳለው ዳርቻ ብንወስደው አንድ ወይም ሁለት። ሰው በምድር ላይ ከሠራው ከየትኛውም ባዶ ዕቃ የባሰ ባዶ ነው። ነገር ግን የቦታው ስፋት በሚሊዮን የብርሃን ዓመት ስለሚለካ ጥቂቱ ሲደመር ከከዋክብቱ በልጦ ይመዝናል።

ያልተገኘው ቅዝቃዜ

በ1977 ሁለት ጥንድ ተመራማሪዎች፣ አንዱ የአንድሪው ፌቢያንና የፖል ነልሰን፣ ሌላው የሌኖክስ ካዊና የጄምስ ቢኒ፣ ቀላል የሚመስል ነገር አነሡ። ጋዙ ራጅ ከረጨ ሙቀቱን እያጣ ነው፤ ሙቀቱን ካጣ ይቀዘቅዛል። ጥቅጥቅ ባለበት በመሐሉ ደግሞ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘው ሲኮማተር ከላይ ያለው ሌላ ጋዝ ይጫነዋል፤ ስለዚህ ጋዙ ወደ መሐል እየፈሰሰ አዳዲስ ከዋክብት መውለድ አለበት። ስሌቱ ለፐርሲየስ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠሩ ፀሐዮች የሚያህል ጋዝ ሰጠ። የእኛ ፍኖተ ሐሊብ በዓመት የምትወልደው ጥቂት ፀሐዮችን ብቻ ነው።

ከዋክብቱ ግን አልተገኙም። በኤንጂሲ 1275 ውስጥ ወጣት ከዋክብትና ቀዝቃዛ የጋዝ ክሮች አሉ፤ በስሌቱ ልክ ግን አይደሉም። ሃያ ዓመት ሙሉ ተመራማሪዎች በሁለት ጎራ ሆነው ተከራከሩ። አንዱ ጎራ የቀዘቀዘው ጋዝ በማናየው መልክ ተደብቋል አለ፤ ሌላው ጋዙን መልሶ የሚያሞቅ ነገር አለ አለ። ሁለቱም የጎደላቸው ጥርት ያለ ምስል ነበር።

ራጅን በመስታወት መሰብሰብ ከባድ ነው፤ በቀጥታ የመጣ ራጅ መስታወቱን ዘልቆ ይገባል። ለጥ ባለ ኩሬ ላይ ጠጠርን ዝቅ አድርጎ የወረወረ ሰው ግን ጠጠሩ ውኃውን እየነካ ሲነጥር ያያል። ራጅም እንዲሁ መስታወቱን ጎኑን ታክኮ ሲያልፍ ይነጥራል። ጃኮኒና ሮሲ በ1960 በዚህ መንገድ የሚሠራ ቴሌስኮፕ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ በኅዳር 1978 የመጠቀችው አይንስታይን የሩቅ ሰማይን የራጅ ምስል ያነሣች የመጀመሪያዋ ሳተላይት ሆነች። በፐርሲየስ መሐል የጋዙ ድምቀት ወጣ ገባ እንዳለው ታየ።

ከዚያ የጀርመን፣ የአሜሪካና የእንግሊዝ የጋራ ሥራ የሆነችው ሮሳት በሰኔ 1990 ወጣች። በ1993 ሃንስ ቦሪንገርና ባልደረቦቹ የሮሳትን ምስል በኤንጂሲ 1275 የራዲዮ ካርታ ላይ ደረቡት። በራጁ ምስል ላይ ከጋላክሲው ማዕከል በሰሜንና በደቡብ ሁለት ጨለም ያሉ ጉድጓዶች ነበሩ። የራዲዮው ሁለት ደመናዎች ልክ እነዚያ ጉድጓዶች ውስጥ ገጠሙ። ከአርባ ዓመት በፊት የተነሣው ጥያቄ መልስ አገኘ። የራዲዮ ደመናዎቹን ዙሪያቸውን የያዛቸው የጋለው ጋዝ ነው፤ እነርሱም በተራቸው ጋዙን ገፍተው ቦታ አስለቅቀውታል።

አረፋዎቹ

ሐምሌ 23 ቀን 1999 ኮሎምቢያ የተባለችው መንኮራኩር ቻንድራ የተባለውን የራጅ ቴሌስኮፕ ይዛ ተነሣች። አዛዧ ኮሎኔል አይሊን ኮሊንስ የአሜሪካን የጠፈር መንኮራኩር በማዘዝ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ቴሌስኮፑ የተሰየመው በትውልደ ሕንዳዊው ሊቅ በሱብራማንያን ቻንድራሴካር ስም ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 10 አውሮፓውያን ኤክስኤምኤም ኒውተን የተባለውን አቻውን ከፈረንሳይ ጊያና ላኩ። አንዱ በዕይታ ጥራት፣ ሌላው ጨረርን በመዘርዘር ይበልጣል። የሃያ ዓመቱን ክርክር ሁለቱ ተጋግዘው ቋጩት።

ኤክስኤምኤም ኒውተን ድርሻውን ወዲያው ተወጣ። ጋዝ እየቀዘቀዘ ሲሄድ በየደረጃው የሚተወው የብረት ፊርማ ይለያያል። በ2001 የወጡት መረጃዎች የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች አሳዩ፤ ከእነርሱ በታች ግን የሚጠበቀው ፊርማ የለም። ጋዙ እስከ ተወሰነ ደረጃ ይበርድና እዚያ ይቆማል። ስለዚህ የሚያሞቀው አንድ ነገር አለ።

ቻንድራ ያንን የሚያሞቅ ነገር አሳየ። የፐርሲየስ ጉድጓዶች ዙሪያቸው ደማቅ ጠርዝ ያላቸው አረፋዎች ሆነው ታዩ። ከእነርሱ ራቅ ብለው ራዲዮ የማይረጩ፣ ያረጁ ሌሎች አረፋዎች ነበሩ። ሽሮ ምድጃ ላይ ሲንተከተክ ያየ ሰው ነገሩን ይረዳዋል፤ ከሥር የተፈጠረው አረፋ ዙሪያውን እየገፋ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲወጣም ድስቱን ሁሉ ያማስለዋል። በጋላክሲው እምብርት ያለው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ፣ ማለትም ብርሃን እንኳ የማያመልጠው እጅግ ጥቅጥቅ ያለ አካል፣ ወደ እርሱ ከሚወድቀው ቁስ ከፊሉን በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ እንደ ፏፏቴ ይተፋዋል። ትፋቱ አረፋ ይነፋል፤ አረፋው ጋዙን ያሞቃል።

አረፋ ሲገኝ ሥራውን መለካት ይቻላል። የአረፋው ስፋት በምስሉ ላይ ይለካል። የጋዙ ግፊት ከሙቀቱና ከጥግግቱ ይሰላል። ግፊቱ ከስፋቱ በሚሰላው ይዘት ሲባዛ አረፋውን ለመንፋት የወጣው ጉልበት ይገኛል። አረፋው አሁን ካለበት ከፍታ ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ ሲታወቅ ደግሞ ያ ጉልበት በስንት ዓመት እንደወጣ ይታወቃል። ጥቁር ጉድጓዱ ጋላክሲዎች በሚኖሩበት ጋዝ ላይ የሠራው ሥራ በማባዛትና በማካፈል ተሰላ። በ2004 ላውራ ቢርዛንና ባልደረቦቿ ይህን ስሌት በበርካታ ክምችቶች ላይ ሲያከናውኑ፣ በብዙዎቹ አረፋዎቹ የሚሰጡት ኃይል ጋዙ በራጅ ከሚያጣው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት ብራያን ማክናማራና ባልደረቦቹ 2.6 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ርቆ በሚገኝ ክምችት ውስጥ እያንዳንዳቸው ከ600,000 የብርሃን ዓመት የሚሰፉ ሁለት ጉድጓዶች ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። ፍኖተ ሐሊባችን ከዳር እስከ ዳር 100,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ናት።

በ2003 ደግሞ የፌቢያን ቡድን በፐርሲየስ ምስል ላይ ከአረፋዎቹ ውጭ፣ ኩሬ ውስጥ ጠጠር የወደቀበትን ያህል ክብ ክብ የሆኑ ሞገዶች አየ። የድምፅ ሞገዶች ናቸው። በአንድ ሞገድና በሚቀጥለው መካከል 10 ሚሊዮን ዓመት ያህል ያልፋል፤ በሙዚቃ ቋንቋ ሲገለጽ ከፒያኖ መሐል 57 ኦክታቭ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። ቻንድራ ከዚያ በኋላም ፐርሲየስን በድምሩ 900,000 ሴኮንድ፣ ማለትም ከአሥር ቀንና ሌሊት በላይ፣ ተመለከተ፤ በ2006 የወጣው ምስል ሞገዶቹን ይበልጥ አጎላቸው።

ሠላሳ ስምንት ቀን

አንድ ጥያቄ ቀረ። አረፋዎቹ ጋዙን ምን ያህል ያናውጡታል? ለዚህ የጋዙን የራሱን ፍጥነት መለካት ያስፈልጋል፤ ፍጥነቱም የብረቱን ፊርማ በጥቂቱ ስለሚያሰፋው ይታወቃል። ያቺን ትንሽ መስፋት የሚለይ መሣሪያ የጃፓንና የአሜሪካ ሰዎች በጋራ ሠሩ። መሣሪያው እያንዳንዱ የራጅ ቅንጣት ሲያርፍበት የምትፈጠረዋን ቅንጣት ሙቀት ይለካል። ስለዚህ ራሱ ከፍጹም ዜሮ በ0.05 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ መቀዝቀዝ አለበት።

መሣሪያውን ለማምጠቅ የተደረገው ጥረት የጽናት ታሪክ ነው። የመጀመሪያው በየካቲት 2000 ሮኬቱ ሳይሳካለት ቀርቶ ከእነሳተላይቱ ጠፋ። ሁለተኛው በሐምሌ 2005 ሱዛኩ በተባለችው ሳተላይት ወጣ፤ ሥራ ሳይጀምር የሚያቀዘቅዘው ሂሊየም ተንኖ አለቀ። ሦስተኛው የካቲት 17 ቀን 2016 ሂቶሚ፣ የዓይን ብሌን፣ በተባለችው ሳተላይት ከታኔጋሺማ ደሴት ተነሣ። ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ መሣሪያው ቀዝቅዞ፣ ዓይኑን ከፍቶ፣ ሠራ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ ፐርሲየስ አነጣጠረ።

መጋቢት 26 የሂቶሚ ድምፅ ጠፋ። የአቅጣጫ መቆጣጠሪያዋ ቆማ ሳለች የምትዞር መስሎት ሊያስቆማት ሲል አዞራት፤ ከዚያም በስሕተት የተጫነ መመሪያ የበለጠ አፈጠናት፤ የፀሐይ ሰሌዳዎቿ ተገንጥለው ወደቁ። ከመጠቀች 38ኛ ቀኗ ነበር። ለሠሩት ሰዎች ሐዘኑ ከባድ ነበር።

የፐርሲየስ መረጃ ግን ምድር ደርሷል። በሐምሌ 2016 ኔቸር በተባለው መጽሔት ውጤቱ ወጣ። በክምችቱ መሐል ያለው ጋዝ የሚናወጠው በሴኮንድ 164 ኪሎ ሜትር፣ ሲበዛ ሲያንስ በ10 ኪሎ ሜትር ልዩነት፣ ነው። በዚያ ጋዝ ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያላነሰ ስለሚጓዝ፣ ይህ እርጋታ ነው። ከነውጡ የሚመጣው ግፊት ከሙቀቱ ግፊት ከመቶ አራት እጅ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጥቁር ጉድጓዱ ያን ሁሉ አረፋ እየነፋ ጋዙን አይበጠብጠውም፤ ቀስ ብሎ ያሞቀዋል። ሙቀቱ ከአረፋው ወደ ጋዙ የሚተላለፍበት መንገድ ዛሬም ይመረመራል፤ መስከረም 2023 ከዚያው ደሴት የተነሣችው ክሪዝም የተባለች ሳተላይት ያንኑ ዓይነት መሣሪያ ይዛ ሥራ ላይ ናት። አራተኛው ሙከራ ጸንቷል።

ለአንባቢ

ከጃንስኪ አንቴና እስከ ክሪዝም ዘጠና ዓመት ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የጋላክሲዎች መሐል ባዶ ነው ብሎ ማሰብ ቀርቷል። ጋላክሲ ከጋዝ፣ ጋዝም ከጥቁር ጉድጓድ ተነጥሎ የማይኖር መሆኑም ታውቋል። ጋዙ ሲበርድ ጥቁር ጉድጓዱን ይመግባል፤ ጥቁር ጉድጓዱ ሲመገብ ጋዙን ያሞቃል፤ ጋዙ ሲሞቅ ምግቡ ይቀንሳል። በመቶ ሚሊዮኖች ዓመት የሚለካ ሚዛን ነው።

ለእኛ አገር ወጣቶች አንድ ነገር ልበል። ኡሁሩና ኤሪየል 5 የተነሡት ከማሊንዲ ነው፤ ከእኛ ድንበር ሩቅ አይደለም። የሰማይ ራጅ የእንጦጦ ተራራ ላይ አይደርስም፤ መረጃው ግን ይደርሳል። የቻንድራና የኤክስኤምኤም ኒውተን የፐርሲየስ መረጃ በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ነው፤ መተንተኛ ፕሮግራሞቹም በነፃ ይገኛሉ። ፊዚክስ የምትማሩ ልጆች፣ ኮምፒውተር ካላችሁና ትዕግሥት ካላችሁ አውርዳችሁ ጀምሩት። በጋዙ ውስጥ የተነፉትን ሁለቱን ጉድጓዶች በራሳችሁ እጅ ታገኟቸዋላችሁ።